በሸዋ በር የገቡ ጎብኚዎች

መንገደኛ ሁሉ የሚያያቸው፣ ጎብኚ ግን የማይደርስባቸው ከተሞች አሉ። ወለንጪቲ ከእነዚህ አንዷ ናት። ከአዳማ ተነሥቶ ወደ መተሐራና ወደ አዋሽ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር የሚሄድ ሰው በመካከሏ ያልፋል፤ የሚያያት ግን በመስኮት ነው። አውቶቡሱ ጥቂት ቆም ካለ ውሃ ይገዛል፤ እግሩን ያፍታታል፤ የቦሰትን ተራራ በዓይኑ ለክቶ ወደ መቀመጫው ይመለሳል። በወለንጪቲ ብዙ ዓመታት የኖርንና ያስተማርን ሰዎች ይህን መታለፍ ለምደነዋል። አስጎብኚ በሌላት ከተማ መኖርም አንድ ጥቅም አለው፤ ማንም ስለ አንተ ለሌላ ሰው ሲያስረዳ አትሰማም።

ይህን ዕጣ ለወለንጪቲ ካወጡላት ነገሮች አንዱ የምድር ባቡሩ ነው። በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ የተሰጠው የሐዲድ ሥራ ፈቃድ መሥመሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በሐረር በኩል ወደ እንጦጦ እንዲዘልቅ ያመለክት ነበር። ይሁን እንጂ ባቡር የሐረርን ከፍታ እንዲወጣ ማድረግ እጅግ አስቸጋሪ ሆኖ ስለተገኘ መሥመሩ በተራራው ግርጌ በቆላው በኩል አለፈ፤ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ በደረሰበት ሜዳ ላይም ድሬዳዋ ተቆረቆረች። በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ፤ በመሥመሩ ላይ ከተደረደሩት ጣቢያዎችም አንዱ የወለንጪቲ ጣቢያ ሆነ። እንግዲህ ያው አንድ ሐዲድ ለእኛ መንደር የጣቢያ ስም ሲሰጣት፣ ለብዙ መቶ ዓመታት የግመልና የበቅሎ ጭነት ይራገፍባት የነበረችውን ሐረርን ግን ዘልሎ ንግዷን ወደ ድሬዳዋ አወረደባት። ዛሬ በወለንጪቲ በኩል ባለው አሮጌ ሐዲድ ላይ ባቡር አይመላለስም። ባቡር ያልደረሰባት ሐረር ደግሞ የዓለም ሰው ከሩቅ መጥቶ በእግሩ የሚዞራት ከተማ ሆናለች።

«ጎበኘ» የሚለው ግሥ በአማርኛችን ውስጥ የቆየና ሰፊ ትርጉም ያለው ቃል ነው። ገበሬ ማሳውን ይጎበኛል፤ ዘመድ የታመመ ዘመዱን ይጎበኛል። በዚህ አነጋገር የሚጎበኝ ሰው የሚጎበኘው ነገር ያገባዋል፤ ቢከፋ ይከፋዋል፣ ቢሻሻል ደስ ይለዋል። አሁን አሁን ግን ቃሉ ይበልጥ የሚሠራው ለመዝናናት ለሚመጣ እንግዳ ሆኗል። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የሀገራችንን ቱሪዝም ሲያደራጁና «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውን መጠሪያ ሲያወጡ በቀዳሚነት ያሰቡት ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ጎብኚ ነበር። ይህም አያስወቅሳቸውም፤ የዚያን ዘመን ችግር የሀገሪቱን ስም በውጭው ዓለም ማስተዋወቅ ነበረና። ለሀገሩ ሰው «ሀገርህን ዕወቅ» የሚባሉ የተማሪ ክበባት ነበሩለት፤ ነገር ግን አስጎብኝነት እንደ ሙያ የሠለጠነው በባዕድ እንግዳ ላይ ነው። ባዕድ ምን እንደሚጠይቅ፣ ምን እንደሚያስደንቀው፣ የት ቆሞ ፎቶግራፍ እንደሚያነሣ አስጎብኚው አጥርቶ ያውቃል። የገዛ ወገኑ ሲመጣበትስ ምን ይንገረው? በሐረር ያሳለፍነው አንድ ቀን ይህን ጥያቄ አጉልቶ ስላሳየኝ ነው ብዕሬን ማንሣቴ።

በየካቲት ወር፣ በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት፣ ርእሰ መምህራችንን ጨምሮ አሥራ አንድ መምህራን ከደመወዛችን በየወሩ ባጠራቀምነው ገንዘብ አንድ ሚኒባስ ተከራይተን ወደ ሐረር ተጓዝን። መንገዱ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በበሰቃ ሐይቅ ዳር፣ በፈንታሌ ተራራ ግርጌ አድርገን አዋሽን ከተሻገርን በኋላ ቆላው አልቆ ከጭሮ ጀምሮ ያለው የሐረርጌ ደጋ ተቀበለን። ስለ መንገዱ ውበት ብዙ መጻፍ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ልጥቀስ። በጨለንቆ ስናልፍ ፀሐይዋ ለመጥለቅ ጥቂት ቀርቷት ነበር። ገሚሶቻችን አንቀላፍተናል፤ ነቅተው የነበሩትም የጫት እስር ይዘው ወደ መስኮቱ ከተጠጉት ነጋዴዎች ጋር ጥቂት ተቀላልደው ዝም አሉ። የቦታውን ስም ያነሣ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት በሁለት ሰዓት አስጎብኚያችን በሸዋ በር ጠበቀን። ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ የሙያ መታወቂያውን በአንገቱ ያንጠለጠለ፣ ሐረሪኛን፣ አማርኛን፣ ኦሮምኛንና ሶማልኛን እንደ አንድ ቋንቋ እያፈራረቀ የሚናገር፣ በእንግሊዝኛም የማይታማ ወጣት ነው። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ጡረታቸው የተቃረበውን ርእሰ መምህራችንን «ና አንተ፣ ከፀሐዩ ወደዚህ ጠጋ በል» አላቸው። በሐረር አንቱታ እንደማይዘወተር ሁላችንም በወሬ እናውቃለን፤ በጆሮ ሲሰሙት ግን ሌላ ነው። አንዲት ባልደረባችን ፊቷን አዙራ ሳቀች። ወጣቱ ነገሩ ገብቶት «እኛ ዘንድ አንቱ የሚባለው የማይቀርብ ሰው ነው፤ አንተን ግን አሁኑኑ ቀርቤሃለሁ» ቢላቸው ርእሰ መምህሩ ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ጥላው ገቡ። እኩለ ቀን ላይ እሳቸውም «ወንድሜ» ይሉት ጀመር።

የጀጎል ግንብ በ16ኛው መቶ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ፣ ርዝመቱ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ የሚሆን የድንጋይ ቅጥር ነው። ዩኔስኮ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከተማይቱን ባለቤቶቿ በገዛ ቋንቋቸው «ጌይ» ይሏታል፤ ከተማ ማለት ነው፤ ሌላ ከተማ ያለ አይመስላቸውም ብሎ ቀለደ አስጎብኚያችን። አምስቱ ጥንታዊ በሮች እያንዳንዳቸው ከአንድ በላይ ስም አላቸው። ሐረሪዎች አስማዲን በሪ የሚሉትን እኛ ሸዋ በር እንላለን፤ አርጎብ በሪ ኤረር በር፣ አስሱም በሪ ፈላና በር፣ ሱቁጣጥ በሪ ሰንጋ በር፣ በድሮ በሪ ደግሞ ቡዳ በር ይባላሉ። የአማርኛ መምህር እንደ መሆኔ ስሞች ያጓጉኛልና፣ «ሸዋ በር የተባለው ወደ ሸዋ ስለሚያስወጣ ነው ወይስ ሸዋ በእሱ ስለገባ?» ብዬ ጠየቅሁት። ትክ ብሎ ተመለከተኝና «ይህን ፈረስ መጋላ ስንደርስ ጠይቀኝ» አለ።

የጠዋቱ ጉብኝት ሁሉም እንደሚጠብቀው ነበር። ከግማሽ ካሬ ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ስፍራ ላይ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ መካናት እንዳሉ፣ መተላለፊያዎቹም 368 እንደሚሆኑ ተነገረን። ርእሰ መምህሩ እነዚህን ቁጥሮች በማስታወሻ ደብተራቸው አሰፈሩ፤ ቁጥር የሰጡት ጎብኚ አንድ ነገር እንደ ጨበጠ ይሰማዋልና። መተላለፊያዎቹ ግን በቁጥር የሚያዙ አይደሉም። ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የማይሄድባቸው አሉ። ነጭ፣ አረንጓዴና ሐምራዊ ቀለም በተቀቡት ግንቦች መካከል ሲጓዙ ከሰማይ በቀር ሩቅ የሚታይ ነገር የለም። የአንድ ቤት በር ሲከፈት የቡና ሽታ ይወጣል፤ ከሌላው ቁርኣን የሚቀሩ ሕፃናት ድምፅ ይሰማል። ካርታ የያዘ እንግዳ እንኳ ሁለት ጊዜ ከታጠፈ በኋላ ካርታውን ወደ ኪሱ ይመልሳል።

መኪና ግርግር ላይ ከተባለልን ጊዜ በላይ ቆየን። ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪኖቹ ድምፅ ነው። በጠባቡ መንገድ ግራና ቀኝ ልብስ ሰፊዎች ተቀምጠው በእግራቸው ይመታሉ፤ በአንዱ ጫፍ ጨርቅ የመረጠች ሴት ሌላ ጉዳይዋን ፈጽማ ስትመለስ ቀሚሷ ተሰፍቶ ይጠብቃታል። የቤት አያያዝ መምህራችን ከአንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ጋር ስለ ክር ወፍራምነት ክርክር ገጥማ ነበር። አዛውንቱ ሥራቸውን ሳያቆሙ፣ ቀና ብለውም ሳያዩአት፣ ከእግራቸው ምት ጋር እያዛመዱ ይመልሱላታል። አስጎብኚው ሰዓቱን ይመለከታል። በኋላ እንደ ነገረን፣ የውጭ ጎብኚዎች በዚህ ስፍራ የሚቆዩት ፎቶግራፍ አንሥተው እስኪጨርሱ ነው። ልብስ ሰፊውን ስለ ሥራው የሚጠይቅ ቡድን ያን ቀን ማየቱ እንዳስደሰተው ከፊቱ ይታወቅ ነበር።

ከዚያ ወደ ራምቦ ቤት ሄድን። ባለ ሁለት ፎቅ፣ የእንጨት ሥራው እጅግ ያማረ፣ መስኮቶቹ ባለ ቀለም መስተዋት የተገጠመላቸው ቤት ነው። ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርተር ራምቦ ሐረር የገባው በ1873 ዓ.ም. የቡናና የቆዳ ንግድ ወኪል ሆኖ ነው፤ ቅኔውን ገና በወጣትነቱ እርግፍ አድርጎ ትቶት ነበር። በ1884 ዓ.ም. በማርሴይ ሞተ። ቤቱን አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ራምቦ በራምቦ ቤት አልኖረም። አስጎብኚያችን ይህን ሳይደብቅ ነገረን፤ ለባዕዳኑም እንደሚነግራቸው፣ እነርሱም ሰምተው ፎቶግራፋቸውን እንደሚያነሡ አከለበት። እኔ ቤቱን አልነቅፍም። ባለ ቅኔው በ1875 ዓ.ም. ፎቶግራፍ ማንሣት ጀምሮ ስለነበር ስሙ በዚያ ቤት ውስጥ መታሰቡ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በየግድግዳው የተሰቀሉት የድሮይቱ ሐረር ፎቶግራፎችም ለብቻቸው አንድ ቀን የሚያስቆሙ ናቸው። ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ይኸው ሰው ከታጁራ የጠመንጃ ጭነት አስነሥቶ በ1879 ዓ.ም. ሸዋ ድረስ በመሄድ ለንጉሥ ምኒልክ ሸጧል፤ ጭነቱ የደረሰው ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ሲሆን ዋጋውን የተቀበለው ሐረር ተመልሶ ከደጃዝማች መኮንን እጅ ነበር። ለባዕድ እንግዳ ራምቦ ባለ ቅኔ ነው። ለእኛ ደግሞ፣ ታሪካችን ውስጥ የገባበት በር የተለየ ነው። የታሪክ መምህራችን ይህን ሲያነሣ አስጎብኚው ለመጀመሪያ ጊዜ ያዘጋጀውን ንግግር አቋርጦ ወሬ ያዘ።

በአምስት ሰዓት ገደማ ፈረስ መጋላ ደረስን። ስሙ እንደሚያመለክተው የፈረስ ገበያ የነበረ አደባባይ ነው። በአንድ ወገን የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ይታያል፤ በአደባባዩም በጨለንቆ ለወደቁት መታሰቢያ የቆመ ሐውልት አለ። በዙሪያው ቡና የሚጠጣው፣ ባጃጅ የሚጠብቀው፣ የሚሸጠውና የሚለውጠው ሕዝብ ሁለቱንም እያየ ይውላል። አስጎብኚያችን ጀርባውን ለሐውልቱ ሰጥቶ ቆመና እንዲህ አለ፤ «ለፈረንጅ እዚህ የምናገረው አጭር ነው። ይህ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ይህ ሐውልት ነው፣ ፎቶ አንሡ፣ እንቀጥል። ከሸዋ የመጣ ሰው ሲሆንም ብዙ ጊዜ ይህንኑ ነው የምለው። የበር ስም የጠየቅኸኝ አንተ ነህ፤ የትኛውን ልንገር?»

ለጥቂት ጊዜ የመለሰ አልነበረም። በመጨረሻ ርእሰ መምህሩ «ያለውን ንገረን» አሉት።

ያለውን ነገረን። ግብፆች ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ሐረርን ይዘው እንደ ነበር፣ ሲወጡ አሚር አብዱላሂ መንበሩን እንደ ተረከቡ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም በ1879 ዓ.ም. ጦራቸውን ይዘው ሲመጡ አሚሩ ጨለንቆ ላይ እንደ ገጠሟቸው አስረዳን። ውጊያው አልረዘመም። ሐረሪው፣ ኦሮሞውና ሶማሌው በአንድ ሜዳ ወደቀ። ከተማይቱ እጇን ሰጠች፤ መኮንን ገዥ ሆነው ተሾሙ። ቤተ ክርስቲያኑ የቆመበት ቦታ ግብፆች መስጊድ ያሠሩበት ነበር። ይህን ሁሉ ሲናገር ድምፁን ከፍም ዝቅም አላደረገም፤ ጠዋት ስለ ግንቡ ርዝመት ሲነግረን በነበረው ድምፅ ነው የተናገረው። ከዚያም «ከምኒልክ ጋር የመጣው ወታደር ደግሞ ሁሉም መኳንንት አልነበረም። እናንተ ትናንት በመኪና የመጣችሁበትን መንገድ በእግሩ የመጣ ገበሬ ነው የሚበዛው» ብሎ አከለ።

ይህን ጊዜ የሒሳብ መምህራችን ተናገረ። የቦሰት ልጅ ነው፤ ከእኛ መካከል ዝምተኛው እሱ ነበር። ቅድመ አያቱ ከሸዋ ጦር ጋር ስንቅ ተሸክሞ ሐረር ድረስ ሄዶ ተመልሷል እየተባለ በቤታቸው ይነገር እንደ ነበር፣ በአያቱ ጎጆ ግድግዳ ላይም ከዚያ መጣ የሚባል አንድ የአለላ ሙዳይ ተሰቅሎ ማደጉን ገለጠ። አስጎብኚው ዞር ብሎ በኦሮምኛ «ገዝቶት ነው ወይስ ወስዶት?» ሲል ጠየቀው። «አላውቅም፤ አያቴም አታውቅም ነበር» አለ መምህሩ። ሁለቱም ዝም አሉ። አንድ ባጃጅ ጡሩምባውን እየነፋ በመካከላችን አለፈ። እኔ በበኩሌ ልጁ የሚቆጣ፣ ወይም ነገሩን በቀልድ የሚያሳልፍ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን «ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ጠየቀ። «ጥቁርና ቀይ፤ በመሐሉ ወርቅማ አለበት። ክዳኑ ጠፍቷል።» «እንግዲያው እዚህ መቆም የለብንም፤ የሚያውቅ ሰው ዘንድ እንሂድ» አለና ከተለመደው መንገዱ ወጥቶ በሌላ መተላለፊያ መራን።

እዚህ ላይ ሳልጠቅሰው የማላልፈው ነገር አለ። በመንገዳችን ላይ የታሪክ መምህራችን ስለ ራስ መኮንን ሐውልት ጠይቆ ነበር። ራሱን በፈረስ ላይ ተቀምጠው የሚያሳየውን ያን ሐውልት የሠራው ዩጎዝላቪያዊው ቀራፂ አንቱን አውጉስቲንቺች ነው፤ በኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ግቢ የቆመው የሰላም ሐውልትም የእሱ ሥራ ነው። የሐረሩ ሐውልት በሰኔ 2012 ዓ.ም. በተነሣው ሁከት ተገንድሶ ወደቀ። ቀራፂዎችና ሠዓሊዎች ይህን ሲያነቡ ምን እንደሚሰማቸው እገምታለሁ፤ ነሐስ ሲወድቅ የአንድ ሰው የእጅ ጥበብ አብሮ ይወድቃል። እኔም መውደቁን አልደግፍም። ሆኖም ሐውልቱ ቆሞ በነበረበት ዘመን ሁሉ ከፈረሱ ሥር የቆመ የሸዋ ተማሪ ስለ ጨለንቆ የሚነግረው ሰው ማጣቱንም እንዲሁ አልደግፍም። አስጎብኚያችን በዚህ ጉዳይ ላይ የራሱን ሐሳብ ቢጠየቅ «እኔ ያለውን አሳያለሁ፤ የሌለውን ለማሳየት አልሠለጠንኩም» ብሎ ዘለለው። ይህ መልስ አላረካኝም፤ አልፈረድኩበትምም። ነገ ሌላ ቡድን ይዞ የሚሄድ ሰው ነው።

የገባንበት ቤት የሐረሪ ባህላዊ ቤት ነበር። እንግዶች የሚቀመጡባቸው መደቦች «ነደባ» ይባላሉ፤ ከፍታቸው የተለያየ ሆኖ ለእያንዳንዱ ማን እንደሚቀመጥበት የታወቀ ነው። መደቦቹና ወለሉ ቀይ ቀለም ይቀባሉ፤ ቀዩ በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም እንዲያስታውስ ነው ይባላል። ይህን ቃል ከመጽሐፍ ማንበብና በቀዩ መደብ ላይ ተቀምጦ መስማት አንድ አይደለም። ርእሰ መምህራችን መደቡ ላይ ሊቀመጡ ዝቅ ብለው ሳለ ሰምተውት፣ ጥቂት ቆም ካሉ በኋላ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከግድግዳው ላይ በየረድፉ የተሰቀሉት የአለላ ሥራዎችና ሳሕኖች ግን ወዲያው ዓይንን ይይዛሉ። በዚያ ቤት ውስጥ ግድግዳ ባዶ ሊሆን የሚገባው ነገር አይደለም። ቅርጽና ቀለም፣ ቁጥርና ቅደም ተከተል በአንድነት የተሰናዱበትን ይህን ሥራ «የእጅ ሥራ» ብሎ ማለፍ ለሥነ ጥበብ ሰው አሳፋሪ ነው።

የቤቱ እመቤት በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። አስጎብኚው በሐረሪኛ አነጋገራቸው። እሳቸውም የሒሳብ መምህሩን ወደ ግድግዳው ጠርተው «እንዲህ ያለ ነው?» እያሉ አንድ በአንድ ያሳዩት ጀመር። አራተኛው ላይ «ይህን ይመስላል» አለ። አወረዱና በእጁ ሰጡት። ስፌቱ ምን ያህል የጠበቀ እንደ ሆነ በጥፍሩ ዳሰሰው። «ይህ የሙሽራ ነው» አሉት፤ «እናት ለልጇ የምትሰፋው። ክዳኑ ከጠፋ ግማሹ ነው የቀረው። አሁን ማን ዘንድ ነው ያለው?» «እህቴ ዘንድ።» «ምን ታስቀምጥበታለች?» «ምንም፤ ተሰቅሎ ነው ያለው።» ሴትዮዋ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ከዚያ በላይ አልጠየቁትም፤ እሱም ሌላ አልተናገረም። ሙዳዩን በሁለት እጁ መለሰላቸው፤ እሳቸውም ቦታው ላይ ሰቀሉት።

ቡና ቀረበ። የቡና ቅጠል ፈልቶ የሚጠጣውን ቁጢም ቀመስን። «ወለንጪቲ ምን አለ?» ብለው እመቤቲቱ ሲጠይቁ አሥራ አንድ መምህራን በአንድ ጊዜ ተናገርን። ርእሰ መምህሩ የድሮውን ጣቢያ አነሡ፤ የጂኦግራፊ መምህሩ ቦሰት እሳተ ገሞራ መሆኑን፤ ሌላው ጤፍና በቆሎውን፤ አንዷ ደግሞ ዝናብ ሲቀር ከብት የሚነዳበትን አቧራ። ሁሉም የሌላውን እያረመ ይናገራል። አስጎብኚው እየሳቀ «አንድ ሰው ምረጡና እሱ ይንገረን» አለ። አልተስማማንም።

ከሰዓት በኋላ ካየናቸው መካከል የሸሪፍ ሙዚየም ከሌሎቹ ይልቃል። አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ የተባሉ የከተማይቱ ተወላጅ በየቤቱ ተበትኖ የነበረውን ቅርስ ለዓመታት ሲሰበስቡ ቆይተው በሙዚየም አደራጅተውታል። የብራና ያህል የከበሩ የእጅ ጽሑፎች፣ ሐረር ራሷ ያሳተመቻቸው ሳንቲሞች፣ ጌጣ ጌጥ፣ የጦር መሣሪያ አሉ። ከሁሉ ይልቅ የሚደነቀው የመጽሐፍ ጥገናው ነው። ሐረር በመጽሐፍ ድጉሰት የታወቀች ከተማ ነበረች፤ ሙያው እየጠፋ ሲሄድ ሰውየው ራሳቸው ተምረው የተቀደዱትን ገጾች መጠገንና በቆዳ መደጎስ ጀመሩ። ሐረሪኛ በዐረብ ፊደል ለብዙ ዘመን ሲጻፍ እንደ ኖረ የሚመሰክሩ ጽሑፎችም እንዳሉ ተነገረን። የኪነ ጽሑፍ ታሪካችንን በግዕዝና በአማርኛ ብቻ ስናስተምር የኖርን ሰዎች በእነዚያ ድጉሶች ፊት ብዙ ቆየን። የራምቦን ቤት ስም የሚያውቁ አያሌ የአዲስ አበባ ምሁራን ይህን ሙዚየም ቢጠየቁ ስንቱ እንደሚያውቀው መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል።

ማታ የጅብ ማብላት ትርኢት ነበር። ከቡድናችን ስድስቱ ሄዱ፤ ተደስተውም ተመለሱ። ስለ እሱ በየቦታው ብዙ ስለተጻፈ እኔ የምጨምረው የለኝም።

ሂሳብ ስንከፍል አስጎብኚያችን ለሀገር ውስጥ ጎብኚ የተመደበውን ዋጋ ብቻ ተቀበለ፤ ከባዕድ ጎብኚው የሚያንስ ነው። ርእሰ መምህሩ «ዛሬ ግን ከፈረንጁ ይልቅ ብዙ አደከምንህ» ቢሉት «አንተ አላደከምኸኝም፤ ያ የሙዳዩ ሰውዬ ነው» አለ። ለሚመጣው ዓመት ተማሪዎቻችንን ይዘን ልንመለስ አሳብ ስለነበረን፣ ለተማሪ የሚሆን የጉብኝት ቅደም ተከተል እንዲጽፍልን ጠየቅነው። የደረሰኙን ጀርባ ገልብጦ በእርሳስ ጻፈ። መኪና ግርግር አለበት፤ ሙዚየሙ ከራምቦ ቤት በፊት ተቀምጧል፤ ፈረስ መጋላ ላይ «አንድ ሰዓት» ይላል። በመጀመሪያው ተራ ቁጥር ላይ ግን የጻፈው ከተማ ውስጥ ያለ ቦታ አልነበረም። ጨለንቆ የሚል ነው፤ በአጠገቡም «ከከተማ ውጭ ስለሆነ ክፍያ የለውም» የሚል ማስታወሻ አክሎበታል። ርእሰ መምህሩ ወረቀቱን ለሹፌራችን አሳዩት። ስንመለስ በየትኛው በኩል መቆም እንደሚሻል አስጎብኚው ሰፈሩንና መታጠፊያውን እየጠቀሰ ያስረዳው ጀመር።